ልጅ አይቆጠርም

አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ነፋሱ ነው። ቀኑን በባጃጅና በጋሪ ድምፅ ተውጦ የዋለው ነፋስ ማታ ቆርቆሮውን እየነካካ ይመጣል። ኮረብታው ላይ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት 34 የነፋስ ተርባይኖች በጨለማው ውስጥ ይዞራሉ፤ እኛ ደግሞ ከሥራቸው ቁጭ ብለን ሻማ እንፈልጋለን።

እንዲህ ባለው ማታ የግቢያችን ልጆች እማማ ደጃፍ ላይ እንሰበሰባለን። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ተረታቸው ግማሹ ከእናታቸው፣ ግማሹ ከጥቁር ሰሌዳው የመጣ ነው፤ የቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ካልጠየቅናቸው አይነግሩንም።

«ተረት ተረት!» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

«የመሠረት!»

«አምስት አፍ ነው የሰማሁት። እናንተ ስድስት ናችሁ። ድገሙት፤ ተረት ተረት!»

«የመሠረት!» ማሙሽም እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ዘግይቶ ደረሰ።

«እማማ ደግሞ! ልጅ እኮ አይቆጠርም» አለች የማሙሽ እናት ከኩሽና ሆና።

እማማ አልመለሱላትም። ፈገግ አሉና ጀመሩ።

እዚሁ አዳማ፣ ሰው ሁሉ ናዝሬት ብሎ በሚጠራት ጊዜ፣ በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ኩሬ ነበር። ዙሪያውን ቡገንቪላ ከቦታል፤ አንድ ፓፓያ ከበላዩ ዘንበል ብሎበታል። ውሃው ዳር ዳሩን ከቁርጭምጭሚት፣ መሐሉን ከጉልበት አያልፍም። ኩሬውን ያሠራው ሰው ለእንግዳ ዓይን አሰበ እንጂ ለዓሣ ነፍስ አላሰበም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በዚያ ኩሬ ውስጥ ወርቄዎች የሚባሉ ወርቃማ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ከአዲስ አበባ በመስታወት ዕቃ ሆነው፣ በሰው ጭን ላይ ተቀምጠው የመጡ ናቸው። የዘራቸው አገር ግን ቻይና ነው። ቻይናዎች ከ1000 ዓመት በፊት ኩሬያቸው ውስጥ ከሚርመሰመሰው ጭቃ መሳይ ዓሣ መሐል፣ አልፎ አልፎ ወርቅ መስሎ የሚወለደውን እየለዩ እያዋለዱ ይህን ዘር አወጡ። እንዲያ የሚያብረቀርቅ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ቢወለድ ብዙ አይከርምም፤ የወፍ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ወርቅ ሆኖ ማደግ የተቻለው የሰው እጅና አጥር ስለነበረ ነው። ወርቄዎች አጥሩን ረስተው ወርቅነቱን ብቻ ያስታውሱ ነበር።

ልጆቻቸው ግን ጭቃ መስለው ይወለዳሉ።

«ይሄ እውነት ነው ወይስ ተረት?» አልኩ።

እውነት ነው። ወርቃማ ዓሣ በልጅነቱ ጠይም ነው። ቀለሙን የሚለውጠው ወራት ቆይቶ ነው፤ አንዳንዱ እስከነጭራሹ ሳይለውጥ ይኖራል። ታላላቆቹ እነዚህን ልጆች «ጭቃዎች» ይሏቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ጭቃዎች ወደ ኋላ፤ ዳቦ ሲመጣም ጭቃዎች ወደ ኋላ። ከጭቃዎቹ አንዷ ጠይም ትባላለች። እሷንም ያዙልኝ።

ዳቦውን የሚያመጣው አትክልተኛው ነው። ማታ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን ማንኪያውን አንስቶ ጣሳ ይመታል። ቃ! ቃ! ቃ! ያን ጊዜ ወርቄዎች አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ፍርፋሪው ይዘንብላቸዋል። ሲጨርስ ጣሳውንና ማንኪያውን ፓፓያው ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ይሄዳል። ሰው «ዓሣ ወዲያው ይረሳል» ይላል፤ ሐሰት ነው። ዓሣ አንድን ድምፅ ከምግብ ጋር አንዴ ካገናኘ ለወራት አይረሳውም። ወርቄዎችም ጣሳ ሲመታ መውጣትን አሳምረው ያስታውሳሉ። «ማን ነው የመታው?» ብሎ መጠየቅ ግን በኩሬው ወግ አልነበረም።

አንድ ቀን ከቆቃ በኩል አያ ሽመላ መጣ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ሲገደብ የተኛው ሐይቅ ነው፤ ለሽመላ ዘር የተዘረጋ ገበታ። ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ትቶ ወደ አንዲት ኩሬ ለምን መጣ አትሉም? ሐይቅ ላይ ዓሣው ከውሃው ጋር ይመሳሰላል፤ ሲደነግጥም የሚወርድበት ጥልቀት አለው። እዚህ ግን ዓሣው ቀይ፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ መሸሸጊያው ጥቂት ነው። ሽመላ እግሩ ይርዘም እንጂ ዋናተኛ አይደለም፤ ከዳር ገብቶ፣ ቆሞ ነው የሚያድነው። ዳሩ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ኩሬ ለእሱ የተሠራ ደረጃ ነው። ያስያዝኳችሁ ነገር ይኸው።

አያ ሽመላ ጨዋ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይመጣና «አካም ቡልታን! እንዴት አደራችሁ!» ይላል፤ በሁለት ቋንቋ። ከዚያ አንገቱን ሰብሮ፣ አንድ እግሩን አጥፎ እንደ ባሕታዊ ይቆማል። ጥላው ውሃው ላይ ሲያርፍ ወርቄዎች «ምን ያለ ደግ ነው፤ ከፀሐይ ጋረደን» ተባባሉ። በሦስተኛው ቀን ጥላው ሥር ከተጠለሉት አንዷ ላይ ሰነዘረና ሳታት፤ ጎኗ ተሰነጠቀ። ሁለተኛዋን አልሳታትም።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። የእነዚህ ዓሦች ቆዳ ምሥጢር አለው። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት በ1938 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። ከወርቄዎች ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ ስትቆስል፣ ጓደኞቿ ከቁስሏ ወደ ውሃው የገባውን ብቻ አሽትተው እንደሚሸሹ ተመለከተ። ማስጠንቀቂያው ቆዳው ውስጥ ነው ያለው፤ የሚወጣው ደግሞ ቆዳው ሲቀደድ ነው። ጤነኛው ዓሣ ቢፈልግም ይህን ጩኸት መጮህ አይችልም። የቆሰለው ብቻ ይችላል። ያም ጩኸት ለጮኸው አይደርስለትም፤ የሚደርሰው ለቀሩት ነው።

ጎኗ የተሰነጠቀው ዓሣ ሽታ ሲደርሳቸው ወርቄዎች ሳያስቡት ቁልቁል ወርደው ቅጠል ሥር ገቡ። 11 ሰዓት ላይ ጣሳው ተመታ፤ ማንም አልወጣም። ዳቦው ውሃው ላይ ራሰ። እንግዶች ጎንበስ ብለው አዩና «ባዶ ነው እንዴ?» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ታላላቆቹ ሸንጎ ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ እመት ባለሻሽ ናት፤ ጅራቷ እንደ ሐር ሻሽ የሚዘናፈል። ስለ ሽመላው ያነሳ አልነበረም።

«ለመሆኑ ምን ልታደርግ ዳር ወጣች?» አለ አንዱ።

«ያስተዳደግ ነገር ነው» አለ ሌላው።

የሸንጎው ጭንቀት ሽታው ነበር። «በአንዲት ዓሣ ጎን የተነሳ አገር ጦሙን አደረ» አለች እመት ባለሻሽ። «እንግዳ ታዘበን። ነገ አትክልተኛው ኩሬው ባዶ ነው ብሎ ዳቦውን ቢያስቀርብንስ? ገመናን ውሃ ላይ መበተን ምን የሚሉት ነው? ዝምታ ወርቅ ነው፤ እኛም ወርቅ ነን!» ሸንጎው በክንፉ አጨበጨበ።

ሁለት ሕግ ወጣ። አንደኛ፣ የቆሰለ ዓሣ መሐል ኩሬ አይቆይም፤ ወደ ማፍሰሻው ቱቦ አፍ ሄዶ ይቀመጣል፤ ሽታውም ከትርፉ ውሃ ጋር ወደ ውጭ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ያልቃልና። የመጀመሪያው ሕግ ለምን እንደወጣ ሁሉም አውቋል። የሁለተኛውን ምክንያት ግን ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ኩሬው ሰላም ሰላም ሸተተ።

አዳኝ ግን አልቀረም። ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር የሆነች፣ መንቁሯ እንደ ወስፌ የሾለ ወፍ ከአዋሽ በኩል ትመጣለች፤ ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ ታነጣጥርና እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። የኩሽናው ድመት የምትመጣው ርቧት አይደለም፤ ለጨዋታ ነው። እጇን ነክራ ትቧጭራለች፤ የምታቆስለው ብዙ፣ የምትበላው ጥቂት ነው። ፋሮ ሌሊት ሌሊት በአጥሩ ቀዳዳ ይገባል፤ ከበላው ይልቅ ጥሎት የሚሄደው ይበልጣል።

የውሃ እባብ ደግሞ በቱቦው መጣ። እሱ ማደን እንኳ አላስፈለገውም። ቱቦው አፍ ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል፤ ሸንጎው የቆሰለውን ሁሉ በሕግ አንድ በአንድ ይልክለታል። ከዚያ የተመለሰ የለም። ወርቄዎች ግን «እዚያ ሄዳ አረፈች» ይላሉ፤ ማረፍ ሁለት ትርጉም እንዳለው ሳያስቡ።

አትክልተኛው ዝም ብሎ አላየም፤ ጥሯል። ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሉ አጥማጆች አሮጌ መረብ ለምኖ አምጥቶ ኩሬው ላይ ዘረጋ፤ ግን አላወጠረውም። ሽመላው መጥቶ መረቡ ላይ ቆመ። መረቡ በክብደቱ ረግቦ ውሃ ነካ፤ ሽመላውም በቀዳዳው መንቁሩን ላከ። መረብ ካልተወጠረ ለሽመላ ድልድይ ነው። ቀጥሎ የዘበኛውን አሮጌ ካፖርት እንጨት ላይ አልብሶ ማስፈራሪያ አቆመ። ለሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ሽመላው የካፖርቱ ትከሻ ላይ ቆሞ ሲያንቀላፋ ታየ። ወርቄዎች ግን ካፖርቱን ወደዱት፤ «ዘብ አለን» እያሉ ከቀድሞው ይልቅ ዳር ዳሩን መዝናናት ጀመሩ።

አንድ ቀን ለሆቴሉ ወጥ ቤት ከባቱ በባልዲ ዓሣ መጣ። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አንዱ ግን አምባዛ። አምባዛ ቶሎ አይሞትም፤ አየር ይተነፍሳል፤ እርጥብ መሬት ካገኘም እየተሳበ ይሄዳል። ሌሊት ከባልዲው ወጥቶ፣ በረጠበው ሣር ላይ ተንፏቆ ኩሬው ውስጥ ጥልቅ አለ። ጢሙ ረጅም፣ ገላው ቅርፊት የሌለው፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነበር።

«እኔ የታች ሰው ነኝ» አለ ለሸንጎው። «የሽመላን ነገር አውቃለሁ። ከሥር ሆኜ እጠብቃችኋለሁ። ደሞዝ አልጠይቅም፤ ጭቃውን እያጸዳሁ እኖራለሁ።»

ሸንጎው ደስ አለው። ጭቃ ሲል ደለሉን መሰላቸው።

አምባዛ ቃሉን አልበላም። ሌሊት ሌሊት ጭቃዎቹን አንድ በአንድ አጸዳቸው። አንዲት ሽታ ግን ኩሬው ውስጥ አልተሰማችም። ለምን?

«ስላላቆሰላቸው!» አለች ከመሐላችን አንዷ።

«ጎሽ!» አሉ እማማ። «አምባዛ ሰፊ አፉን ከፍቶ ትንሹን ዓሣ ከነነፍሱ ይውጣል። ያልተቀደደ ቆዳ አይሸትም፤ ያልሸተተም ምስክር የለውም። ሽመላ የበላውን በቁስለኛው ታውቃላችሁ። አምባዛ የበላውንስ በምን ታውቃላችሁ?»

ዝም አልን። ነፋሱ ቆርቆሮውን አንዴ አነሳና መለሰው።

«በጉድለቱ ነዋ። ጉድለት ደግሞ የሚታየው ለቆጠረ ብቻ ነው።»

ጠይም ማታ ማታ ቅጠል ሥር ሆና እህት ወንድሞቿን በስም እየጠራች ትተኛ ነበር። መቁጠሯ አልነበረም፤ ናፍቆት ነው። 60 ስም ነበራት። አንድ ማታ ስትጠራ 41 አቤት አሏት። በሳምንቱ 27። በዚያ ሳምንት ሽመላው አልመጣም፤ ድመቷም ወልዳ ከኩሽና አልወጣችም። ወደ ሸንጎው ሄደች።

«27 ቀርተዋል» አለች።

«ቆጠርሽ?» አሏት፤ የሰሙት ያን ብቻ ነው። «ልጅ አይቆጠርም! እናትሽ አልነገረችሽም?»

«በመቁጠርሽ ነው የጎደሉት፣ ልጄ» አላት አምባዛ። በጣም አዝኖ ነበር፤ ጢሙ ይንቀጠቀጣል።

ጥምቀት ደረሰ። አትክልተኛው ነጭ ለብሶ ታቦት ሊሸኝ ወጣ፤ ሆቴሉም ጭር አለ። የጥርን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን አንስቶ፣ የገበያውን ላስቲክ ሰማይ የሚያደርሰው። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ተነሳና ፓፓያውን ያወዛውዘው ጀመር። ማንኪያው ጣሳውን መታው። ቃ! ቃ! ቃ!

ገና 6 ሰዓት ነው፤ 11 ሰዓት አልደረሰም። የእግር ኮቴ አልተሰማም፤ የዳቦ ሽታ የለም። ወርቄዎች ግን አፋቸውን ከፍተው ወጡ፤ ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር። ከላይ ሽመላ ከነዘመዶቹ፣ ከሰማይ ባለወስፌዋ ወፍ፣ ከዳር ድመቷ ከነግልገሎቿ ጠበቋቸው። ከሥር ደግሞ ዘባቸው ነበር።

ማን ጠራቸው? ሽመላው ጣሳ አልመታም፤ ድመቷም አልመታችም። ነፋስ ነው። አዳኞቹ የወርቄዎችን ልማድ ከወርቄዎቹ ይልቅ አጥንተውት ነበር፤ ጣሳው ሲጮኽ ማዕዱ ራሱን አንስቶ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

እመት ባለሻሽን ሽመላው ሻሿ ላይ ያዛት። ጅራቷ ተቀድዶ መንቁሩ ላይ ቀረ፤ እሷ አመለጠች። ቆሰለች ማለት ነው። ታዲያ የቆሰለ ዓሣ የት ይሄዳል?

«ቱቦው ጋ!» አልን ሁላችንም።

ቱቦው ጋ ሄደች። ማንም ሳያስገድዳት፣ ሕግ አክባሪ ነበረችና በራሷ ጊዜ ሄደች። ቱቦው አፍ ላይ እባቡ ወፍሮ ተኝቷል። ከሥሩ ቅርፊት ተከምሯል፤ ወርቅ ወርቅ የሚያበራ ቅርፊት፣ በመሐሉ የጭቃዎቹ ጠይም ቅርፊት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ» አለ እባቡ ብድግ ብሎ። «ስንቱን ላኩልኝ! እርስዎ ራስዎ ይመጣሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።»

እመት ባለሻሽ ቅርፊቱን አየች። የማን የማን እንደሆነ ለየች፤ እያንዳንዱን «ሂጂ»፣ «ሂድ» ያለችው እሷ ናትና። ከዚያ በቀረላት ግማሽ ጅራት ዞረች። ወደ ቅጠል ሥር አልሄደችም። ወደ መሐል ኩሬ ወጣችና መዞር ጀመረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እየደማች፣ እየሸተተች፣ ገመናዋን ከዳር እስከ ዳር እየበተነች ዞረች። ሽታው ያልደረሰበት ማዕዘን አልነበረም። የተረፉት ወርቄዎች አፋቸውን ዘግተው ቁልቁል ወረዱ። እሷ ማታውን አላየችም።

በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ አትክልተኛው ጣሳውን መታ። ማንም አልወጣም። በሦስተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም። ረሃቡ ጠናባቸው፤ ግን ልጆች፣ ኩሬ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ አለ፤ ውሃው ላይ የትንኝ እጭ አለ። ጭቃዎቹ ዳቦ ሲከለከሉ የኖሩበት ነው። ያን ምግብ ለታላላቆቻቸው ያሳዩአቸው እነሱ ናቸው። አያ ሽመላ አራት ማለዳ እየመጣ «አካም ቡልታን!» አለ፤ «ነጋያ» የሚለው አላገኘም። ድመቷ ጨዋታው ሰለቻት። እባቡም የሚላክለት ቢቀር በቱቦው ተመልሶ ወደ ከተማው ቦይ ወረደ።

ጠይም ደግሞ የጣሳውን ሰዓት ወሰደችው። 11 ሰዓት ሲሆን፣ ድሮ ሽቅብ በሚወጡበት ሰዓት፣ ሁሉም ቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ማታ 31 ሆኑ። በማግስቱ 30፤ በሠልስቱ 29። ሽታ የለም፤ ጥላ የለም፤ ሽመላም የለም። ማንም ምንም አልተናገረም። ፊት ሁሉ ግን ቀስ እያለ ወደ ባለጢሙ ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? እኔ ዘብ ነኝ» አለ አምባዛ። ሆዱ ግን ቆጠራውን አልሰማም መሰለኝ፤ ወፍሮ ነበር።

ሊገድሉት አቅም የላቸውም። ግን አምባዛ አየር ሊስብ አልፎ አልፎ ወደ ላይ መውጣት ልማዱ ነው። ድሮ ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲግተለተል እሱም በመሐል ተደብቆ ይስባል። አሁን ላዩ ጭር ብሏል፤ በመላው ኩሬ ከውሃ በላይ የሚታየው አፍ የእሱ ብቻ ሆነ። በአንዱ ማለዳ ሽመላው ያን አፍ አየ። ጎትቶ ሣሩ ላይ አወጣው፤ ሊውጠውም ታገለ። አምባዛ ግን በክንፎቹ ሥር እሾህ አለው፤ ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረ። ሁለቱ ሣሩ ላይ ሲንደፋደፉ የኩሽናው ሰዎች ደረሱ። ሽመላው እያሳለ ወደ ቆቃ በረረ። አምባዛውም መጀመሪያ ወደታሰበለት ድስት ገባ።

ሳቅን። እማማ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ» አሉ።

ዝናብ መጣ፤ ወርቄዎች እንቁላላቸውን ቅጠል ላይ ጣሉ። ጠይም የመቁጠር ነገር ለምዶባታልና ጠዋት ቆጠረች፤ 200። ማታ ብትቆጥር 80። ሽመላው የለም፤ አምባዛው የለም፤ እባቡ የለም። ዞር ብላ የታላላቆቿን አፍ አየች። አንዱ እያላመጠ ነበር። አየችውና ማላመጡን አቆመ።

ይህም ከጥቁር ሰሌዳው የመጣ ነው። ወርቃማ ዓሣ የራሱን እንቁላል፣ የራሱን ጫጩት ይበላል። ሁለተኛው ሕግ ለምን እንደወጣ ጠይም ያን ቀን ገባት። ቆጠራ ከሽመላ ይጀምራል፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን ማንም አያውቅም። ታላላቆቹ የፈሩት ያን ነው።

«ታዲያ ምን አደረገቻቸው?» አልኩ።

ምን ታደርጋቸዋለች? አያት፣ አባት ናቸው። አላባረረቻቸውም። ልጆቹን ይዛ ቅጠሉ የተጠላለፈበት፣ ትልቅ አፍ የማይገባበት ጥግ እንቁላሉን ጠበቀች። ቆጠራውን ግን እዚያው፣ ታላላቆቹ ፊት፣ ጮክ ብላ አደረገችው። ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት። ስንት እንደነበረ ሁሉም በሰማው ነገር ላይ አፍ መክፈት ከባድ ነው፤ እያፈሩ ተዉት። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙዎቹ።

ዓመታት አለፉ። ጭቃዎቹ በዙ፤ ወርቃማው አነሰ። እንግዶች «ወርቆቹ የት ሄዱ?» እያሉ ያልፋሉ። አትክልተኛው ኩሬው የሞተ መስሎት ጣሳውን አወረደው። ዳቦ መጣሉን ግን አልተወም፤ እጁ ለምዶታል። ጠዋት ሲመጣ ዳቦው የለም። ማን እንደበላው ሳያውቅ አረጀ።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አሉ እማማ። «ዳቦውን ግን ማን እንደሰጣችሁ አይታችሁ።»

ሻማው ወደ ማለቁ ነበር። ያን ጊዜ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ሳህን ላይ አረፈ። ቃ! ቃ! ቃ!

«እራት ቀርቧል! ኑ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ተገፋፍተን በሩን እንሰብረው ነበር። ያን ማታ የአንዳችንም እግር አልተነሳም። እርስ በርስ ተያየን።

«አንድ» አልኩ።

«ሁለት» አለች ከጎኔ ያለችው።

«ሦስት።»

«አራት።»

«አምስት።»

ቀጥሎ ድምፅ የለም። ነፋሱ ብቻ ነበር። ሻማውን አንስተን ዙሪያውን አየን፤ ደጃፉ ላይ አምስት ነን። አንዷ ልታለቅስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

እማማ ጋቢያቸውን በቀስታ ገለጥ አደረጉ። ማሙሽ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

«ስድስት» አሉ እማማ።

«እማማ! ልጅ አይቆጠርም አላልኩም?» አለች የማሙሽ እናት፣ ማንኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ ብላ።

«የጎደለው ያንቺው ነበር» አሉ እማማ።